የድሮ ፕራዶ 90 የሥር ላሜራና የጎን መከላከያ ራሴ ልሠራ ነው፣ ከየት ልጀምር?

ዳገት 98፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ላንድክሩዘር ፕራዶ 90 ናት፣ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት፣ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ፣ ማኑዋል ካምቢዮ። ሞተሯ ደህና ነው፣ ካምቢዮዋም እንደዚሁ። ችግሩ ከሥር ነው። የምነዳበት መንገድ ድንጋይ ይበዛዋል፣ የወንዝ ወለል ይዤ የምሄድበት ጊዜም አለ፣ እና ከፋብሪካ አብራት የመጣችው የሞተር ሥር ላሜራ ወደ ላይ ገብታ የዘይት ቋቱን ልትነካ ደርሳለች። መሃላቸው ጣት አያስገባም። በቀኝ በኩል ደግሞ ከበሩ ሥር ያለው የቦዲ ጠርዝ ድንጋይ ላይ አርፎ ታጥፏል፣ የኋላው በር ሲከፈት ይፋተጋል።

ተሠርቶ የሚሸጥ መከላከያ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ለዚህ ዕድሜ መኪና ሁሉም አይገኝም፣ የተገኘውም ለሌላ ሞተር የተለካ ይሆናል። ብየዳ እችላለሁ። ሚግ ማሽን፣ ግራይንደርና ትራፓን አለኝ። ላሜራ ማጠፊያ ማሽን ግን የለኝም።

የቱን ላስቀድም? የሥሩን ነው፣ የጎኑን ነው ወይስ የፊት ፓራውልቱን? ለሥሩ ስንት ሚሊ ብረት ይበቃል? 6 ሚሊ ካልሆነ የሚሉ አሉ፣ 3 ይበቃል የሚሉም አሉ፣ አሉሚኒየም የሚሉም አይቻለሁ። የጎኑን ብረት ሻሲው ላይ ልበይደው ወይስ በብሎን ልሰረው? በእጁ የሠራ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

የሻሲ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ብረት ከመግዛትህ በፊት መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዘህ ከመኪናው ሥር ግባ።

መከላከያውን የሚሸከመው ሻሲው ነው። ሻሲው ከተበላ ምንም ያህል ጠንካራ ብረት ብታስርበት ድንጋይ በመታህ ቀን ብረቱ ራሱ ሻሲውን ገንጥሎት ይሄዳል። የፕራዶ 90 ሻሲ የመሰላል ዓይነት ነው። ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ውስጣቸው ክፍት ነው፣ ጭቃ ይገባና እዚያው ይቀራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ስለዚህ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው እና ከውጭ ቀለሙ አምሮ ብታየው አትመነው። መዶሻውን ቀስ እያልክ በየስንዝሩ ምታው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ አንዳንዴም ውስጡ የዝገት ቅርፊት ሲራገፍ ይሰማሃል። ከኋላ ጎማው በላይ ሻሲው የሚጎብጥበትን፣ የሞላዎቹን መቀመጫና መስቀለኛ ብረቶቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ በደንብ እይ። ቀዳዳ ካገኘህ መከላከያውን ተወውና መጀመሪያ ሻሲውን አስጠግን።

ደህና ከሆነ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀረውን አስቀድም። የዘይት ቋቱ ከተቀደደ ሞተሩን ወዲያው ካላጠፋኸው አለቀ። ራዲያተሩ ከተመታም እንደዚያው ነው። የፕራዶ 90 መሪ ራክ፣ ማለትም መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርሳም ዘንግ፣ ከፊት ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ እሱም አብሮ ይታሰብ። ስለዚህ መጀመሪያ ከፊት እስከ ዘይት ቋቱ መጨረሻ። ቀጥሎ የጎኑ ብረት። ከዚያ ካምቢዮና ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው)፣ ከዚያ የነዳጅ ታንኩ። የፊት ፓራውልት የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ለዓይን ስለሚያምር ከሱ ይጀምራል፣ እኔ ግን ዘይት ቋቱ ራቁቱን ሆኖ ፊቱ ላይ ትልቅ ብረት የተሸከመ መኪና ሳይ ያሳዝነኛል።

ሌላ መኪና ይዞ ይህን ለሚያነብ ሰውም አንድ ነገር ልበል። የራሳችሁ መኪና ራሱን የቻለ ሻሲ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ፓጄሮ በሁለተኛው ትውልዱ ሻሲው ለብቻ ነበር፣ ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ግን ሻሲና ቦዲው አንድ ላይ ተሠርቷል። ጂፕ ቼሮኪ ኤክስጄ ደግሞ ከመጀመሪያውም የተለየ ሻሲ የለውም። እዚህ ስለ ጎን ብረት የሚባለው ሁሉ ለእነዚያ እንዳለ አይሠራም።

ሰማያዊ ፓትሮል፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ስለ ሥሩ ላሜራ እኔ ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ክብደቱን አስላው። 1 ካሬ ሜትር ላሜራ በ1 ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። የሞተርህ ሥር 80 በ70 ሳንቲም ነው ብንል በ4 ሚሊ ብረት 17.5 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። በ6 ሚሊ ከ26 ኪሎ ያልፋል። ይህ ለአንዱ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ካምቢዮና ታንኩ ሲጨመር ደግሞ ራስህ ደምረው። 6 ሚሊ ካልሆነ የሚሉህ ሰዎች ላሜራውን ጠፍጣፋ አድርገው ስለሚያስሩት ነው። ወረቀት ዘርግተህ ስትይዘው ይወድቃል፣ መሃሉን ስታጥፈው ግን ይቆማል አይደል? ብረቱም ያው ነው። ጥንካሬው ከውፍረቱ ይልቅ ከእጥፋቱ ይመጣል። የ4 ሚሊ ላሜራ ሁለቱን ጎን 30 ሚሊ ያህል ወደ ላይ አጥፈህ፣ በርዝመቱ አንድ ሁለት መስመር ሰበር ካደረግክበት፣ ከጠፍጣፋ 6 ሚሊ የበለጠ አይለመጥም።

ማጠፊያ የለኝም ላልከው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ልኩን ሠርተህ ማጠፊያ ላለው ቤት መስጠት ነው፣ ካገኘህ ይህ ይሻላል። ሁለተኛው በግራይንደር የእጥፋቱን መስመር ከውፍረቱ ግማሽ በላይ ማረስ፣ ማጠፍ፣ ከዚያ ያረስከውን በብየዳ ሞልቶ ከሌላው በኩልም መድገም። ሁለተኛውን ካደረግክ ብየዳው በደንብ ዘልቆ መግባት አለበት፣ ላይ ላዩን ከሆነ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ በመስመሩ ይሰነጠቃል።

ልኩን በካርቶን ሥራ። ወፈር ያለ ካርቶን ከሥር ለጥፈህ፣ ቆርጠህ፣ አጥፈህ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርገህ ጨርስ። ካርቶን ላይ ያልገጠመ ነገር ብረት ላይ አይገጥምም። የመሪውን ዘንግ ጫፍ እስከ ጫፍ አዙረህ፣ ፊቱን በክሪክ አንስተህና አውርደህ ምንም ነገር ካርቶኑን እንደማይነካ እይ።

ክፍተት ተው። ሞተሩ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይንቀሳቀሳል፣ ላሜራውም ሲመታ ወደ ላይ ይገባል። በዘይት ቋቱና በላሜራው መካከል ቢያንስ 20 ሚሊ፣ ቢቻል 25። ያንተ አሮጌዋ ላሜራ ልትነካ የደረሰችው ከፋብሪካ ስትመጣ ጠጠርና ጭቃ እንድትመልስ እንጂ መኪና እንድትሸከም ስላልሆነ ነው። አዲሱን ከሻሲውና ከመስቀለኛ ብረቶቹ ጋር እሰረው እንጂ ከሞተሩም ከካምቢዮውም ጋር አታያይዘው።

መደራረቡን ልብ በል። የፊተኛው ላሜራ የኋላ ጠርዝ ከኋለኛው ላሜራ ፊት ከሥር ይለፍ። ወደፊት ስትነዳ ድንጋዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ያልፋል። ገልብጠህ ካሰርከው የኋለኛው ጠርዝ ድንጋዩን ይይዘዋል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ብሎኖቹም ይቆረጣሉ። የብሎን ራሶቹም ከሥር ተንጠልጥለው አይቅሩ። ወይ ጠፍጣፋ ራስ ያላቸውን ተጠቀም፣ ወይ በየብሎኑ ዙሪያ ወፍራም ቀለበት በይድበት። እኔ ቀለበቱን ነው የምወደው፣ ድንጋዩ ቀለበቱን ይፍቀዋል፣ የብሎኑ ራስ ቁልፍ የሚይዝበት ቦታ ሳይበላሽ ይቆያል።

የዘይት መፍሰሻው ሥር ቀዳዳ አውጣ፣ ጠርዙን አለስልሰው። ለውሃ መውጫም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ጥቂት ቀዳዳ። ብዙ ቀዳዳ ግን አታብዛ፣ ድንጋይ ይይዛል።

አቧራ ላይ፦

ፓትሮል ወንድሜ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን አሉሚኒየምን ዝም አልከው። ቁጥሩን አብረን እንየው።

አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ነው፣ ግትርነቱም አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው። ግን የላሜራ አለመለመጥ ከውፍረቱ ጋር በኪዩብ ነው የሚጨምረው፣ ማለትም ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን 8 እጥፍ ይገትራል። ስለዚህ 6 ሚሊ አሉሚኒየም ከ4 ሚሊ ብረት በትንሹ ይበልጥ ይገትራል፣ ክብደቱ ደግሞ በግማሽ ያንሳል። ያንኑ 80 በ70 ብትወስድ 9 ኪሎ ገደማ ነው። ፊቱ ላይ ለሚንጠለጠል ነገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ዓይነቱን ግን መምረጥ ያስፈልጋል። 5083 ወይም 5052 ፈልግ፣ እነዚህ ይታጠፋሉ፣ ሲበየዱም ጥንካሬያቸውን በአብዛኛው ይይዛሉ። 6061 ቲ6 በቁጥር ሲታይ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ጠበብ አድርገህ ስታጥፈው ይሰነጠቃል፣ ከበየድከውም ብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በሙቀቱ ይለሰልሳል። ምን እንደሆነ የማታውቀው አሉሚኒየም ሲያጋጥምህ ተወው።

አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በመሃላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ አድርግ፣ ሻሲውንም ቀለም ቀባው።

ሰማያዊ ፓትሮል፦

አቧራ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ አልከራከርህም። አንድ ነገር ግን አለ። አሉሚኒየም ድንጋይ ላይ አይንሸራተትም፣ ድንጋዩ ይነክሰውና ያርሰዋል። ብረት ይንሸራተታል። መኪናው ሙሉ ክብደቱን ላሜራው ላይ ጥሎ እየተጎተተ የሚያልፍ ከሆነ፣ የወንዝ ወለል ላይ ደግሞ ይህ ያጋጥማል፣ ብረት ይሻላል። አልፎ አልፎ ለሚመታ መኪና አሉሚኒየሙ ይበቃል። ደግሞም ዳገት 98 ያለው ሚግ ማሽን ነው፣ ብረት ሲጎብጥ አሙቆ ቀጥቅጦ በይዶ ይመልሰዋል፣ አሉሚኒየም ለመበየድ ሌላ ሽቦ፣ ሌላ ጋዝና ብዙ ልምምድ ይፈልጋል።

ዳገት 98፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻሲውን በመዶሻ አየሁት። ከኋላ በግራ በኩል ከሞላው መቀመጫ በላይ ላይ ላዩን ዝገት አለ፣ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ሌላው ንጹሕ ነው። ለሞተሩ ሥር 4 ሚሊ ብረት ወሰንኩ፣ ካርቶኑን ጀምሬያለሁ።

የጎኑ ብረት ላይ ነው የቀረሁት። ቧንቧ ወይስ ቱቦላሬ? ብየዳ ወይስ ብሎን? ቦዲው ላይ ያለችው ያቺ ቀጭን ጠርዝ ላይ የሚያስሩም አይቻለሁ፣ ቀላል ይመስላል።

ብየዳ ሙያዬ፦

ልጄ፣ ቦዲው ላይ እንዳታስረው። ያቺ ጠርዝ የላሜራ ስፌት ናት። መኪናው በዚያ ላይ ካረፈ ብረቱ ቦዲውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ አሁን ካለህ የበር ችግር የባሰ ነው የሚመጣው። የጎን ብረት ቦታው ሻሲ ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ያንተ መኪና ቦዲ ሻሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ነው። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሻሲው ሲጠመዘዝ ቦዲው ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በጎን ብረቱና በቦዲው መካከል ከ15 እስከ 20 ሚሊ ክፍተት ይኑር። ከዚያ ካነሰ ይጋጫል፣ ድምፁም ያሳብድሃል። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ደግሞ ድንጋይ ይገባበታል።

ብረቱን በተመለከተ፣ የውጭ ስፋቱ 48 ሚሊ የሆነ፣ ግድግዳው ከ3 ሚሊ ያላነሰ ጥቁር ቧንቧ ለውጩ ጥሩ ነው። 3.7 ሚሊ ግድግዳ ያለው በሜትር 4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። እግሮቹን ከ4 ሚሊ ቱቦላሬ ሥራቸው፣ 50 በ50 ይሁን 60 በ40፣ የያዝከው ይሆናል። 60 በ40 ከሆነ 60ውን ሚሊ አቁመው። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ብቻ ተጠቅሞ መሥራትም ይቻላል፣ ቧንቧ ማጎበጫ ከሌለህ እንዲያውም ይቀልሃል፣ ጥግ ጥጉን በ45 ዲግሪ ቆርጠህ ትገጥመዋለህ።

የውሃ ቧንቧ ግን አትጠቀም። የሚያብረቀርቀው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ያንን የሳበ ሰው ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይይዘዋል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። በዚያ ላይ ግድግዳው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው።

እግሮቹ በአንድ ጎን ቢያንስ 3፣ የተሻለው 4 ናቸው። አንዱ ከፊት ጎማው ኋላ፣ አንዱ ከኋላ ጎማው ፊት፣ የቀሩት በመሃል። እግሩ ከሻሲው ወጥቶ ወደ ውጭ ሲሄድ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ይበል። ቀና ሲል መኪናው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከድንጋዩ ወደ ውጭ ይገፋሃል፣ ከመሬት ያለው ከፍታም አይቀንስም። የውጩ ቧንቧ ከበሩ ወደ ውጭ ጥቂት ሳንቲም ይውጣ፣ ዛፍ ወይ ገደል ጫፍ ላይ በሩን የሚያድነው እሱ ነው። ነጥብ ነጥብ አድርገህ ከያዝከው በኋላ አራቱንም በር ከፍተህ ዝጋ፣ ሙሉውን ሳትበይድ።

አሁን ወደ ብየዳና ብሎኑ። ሻሲው ላይ የሚያርፈው እግር ራቁቱን አይበየድም። የሻሲው ግድግዳ ቀጭን ነው፣ እግሩ አንድ ነጥብ ላይ ከገፋው ይወጋዋል። መጀመሪያ ከ4 እስከ 5 ሚሊ የሆነ ሰፊ ሰሌዳ በሻሲው ጎን ላይ ይበየዳል፣ እግሩ ሰሌዳው ላይ ይበየዳል። የሰሌዳውን ጥጎች አክብባቸው። የሰሌዳው ጠርዝ ከሻሲው የላይና የታች ጥግ ትንሽ ይራቅ። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ሻሲውን የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር አይኑር፣ ሻሲ ሲሰበር የሚሰበረው እንዲህ ባለው መስመር ላይ ነው። ለዚህ ብዬ ሰሌዳውን ዳይመንድ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ መስመሮቹ ሁሉ ዘመም ይላሉ።

በብሎን ካልክ ሻሲውን ከላይና ከታች የሚያቅፍ ሰሌዳ ሠርተህ በረጃጅም ብሎን ማሰር ትችላለህ፣ ሻሲው አይበሳም። ከበሳኸው ግን ብሎኑ ስታጠብቀው ባዶውን ሣጥን ይጨፈልቀዋል፣ ስለዚህ በቀዳዳው ውስጥ ልክ የሆነ ቧንቧ አስገብተህ ብሎኑን በሱ ውስጥ አሳልፍ። የብሎኑ ጥቅም ይነቀላል፣ ይጠገናል፣ ሲሸጥ ይወጣል። ጉዳቱ ይላላል። በአንዳንድ አገር ደግሞ ሻሲ ላይ መበየድ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ያስጠይቃል፣ ያንተን ደንብ አስቀድመህ እይ። እኔ ብመርጥ የምበይድ ነኝ፣ ግን ከመኪና ሥር ጀርባህ ላይ ተኝተህ ወደ ላይ በየደህ የማታውቅ ከሆነ ሰሌዳውን የሚበይድልህ ሰው ፈልግ፣ ሌላውን መሬት ላይ ራስህ ትሠራዋለህ።

አሁን የምለውን ከሌላው ሁሉ አስበልጠህ ያዘው። ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ አውጣ። የብየዳ ማሽኑን የኔጌቲቭ መቆንጠጫ ከምትበይድበት አጠገብ ያዘው፣ ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ሻሲውን ተከትለው ነው የሚሄዱት፣ በየትኛው ጎን እንዳሉ በዓይንህ አይተህ፣ የምትበይድበት ቦታ ላይ ካሉ ፈትተህ አርቃቸው። ምንጣፉን ከውስጥ ግለጠው። ሻሲው ላይ የተቀባው ጥቁር ቅባት ይነድዳል፣ ዙሪያውን ፍቀህ ሰፋ አድርገህ አጽዳ። እሳት ማጥፊያ እጅህ አጠገብ ይሁን። ሥራ ስትጨርስም ወዲያው አትሂድ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ተመልከት፣ እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ ፈትነው። ክሪኩን ከውጩ ቧንቧ መሃል ላይ አድርገህ በዚያ ጎን ያሉት ጎማዎች ቀለል እስኪሉ አንሳ፣ ከሥር ድጋፍ አስቀምጠህ። ክፍተቱ ካልተዘጋና ስታወርደው ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነው።

መኪና ወዳጇ፦

ሁሉም ጥሩ ጽፈዋል፣ ግን ማንም ስለ ክብደት ውጤት አላነሳም። ዳገት፣ ደምረው እስቲ። የሥር ላሜራዎቹ ሁሉ ሲገቡ 40 ኪሎ፣ የጎኑ ብረት በአንድ ጎን 20 ቢሆን ሌላ 40፣ የፊት ፓራውልት በብረት 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዊንች ከነሽቦ ገመዱ 40 አካባቢ። ሰውና ዕቃ ሳይገባ 170 ኪሎ ሆነ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ፊት ላይ ነው።

ፕራዶ 90 ከፊት ጎማዎቹ ለየብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። የታችኛው ቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው የኳስ መጋጠሚያ፣ አቀማመጡ የመኪናው ክብደት ወደ ታች እየጎተተ ሊያላቅቀው በሚፈልግበት ሁኔታ ነው። ካረጀ ሲላቀቅ ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፣ መኪናውም አፍንጫው መሬት ላይ ይወድቃል። ፊቱን ከማክበድህ በፊት ሁለቱንም አስፈትሽ፣ ልቅነት ካላቸው ቀይራቸው፣ ብሎኖቻቸውንም አዲስ አድርግ። የፊት ሞላውም ለጨመርከው ክብደት የሚመጥን መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ላሜራው የሰጠህን ጥበቃ የወረደው ፊት ይወስድብሃል። የፊት መብራቱን ደግሞ እንደገና አስተካክል።

የፊት ፓራውልቱን እኔ በጭራሽ አላስቸኩልህም። ኤርባግ ያለው ከሆነ ፊት ላይ የሚታሰር ግትር ብረት ግጭቱ ወደ ሴንሰሩ የሚደርስበትን መንገድ ይለውጣል። ለእግረኛም አደገኛ ነው። ከሠራኸው ከፋብሪካው ፓራውልት ወደ ፊት አታውጣው፣ ዳገት መጀመሪያ ላይ አፍንጫው እንዳይነካ ወደ ጎማው በኩል ከሥር ዘመም አድርገህ ቁረጠው፣ የራዲያተሩን አየርም አትዝጋ።

ከፓራውልቱ በፊት መጎተቻ ቦታ ይሠራ። ከፊት ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶች መኪናው በመርከብ ሲጫን ለማሰሪያ የተሰጡ ናቸው፣ የተያዘ መኪና አይጎተትባቸውም። ሻሲው ጋር በሁለት ጠንካራ ብሎን የሚታሰር፣ የመሸከም አቅሙ የተጻፈበት መጎተቻ ግዛ፣ ይህንን ራስህ አትሥራው። ተጎታች በሚያያዝበት ኳስ ላይ ገመድ አስሮ በኃይል መጎተት ደግሞ ሰው ገድሏል፣ ኳሱ ተቆርጦ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው።

ዳገት 98፦

እህቴ፣ ቦል ጆይንቱን ስላነሳሽልኝ አመሰግናለሁ። ጎማውን አንስቼ በረጅም ብረት ስፈነቅለው የግራው ይንቀሳቀሳል። ሁለቱንም እቀይራለሁ፣ ፓራውልቱንም ለጊዜው ትቼዋለሁ። ጋሼ፣ የጎኑን ብረት እንዳልከኝ ሰሌዳዎቹን ሌላ ሰው ይበይድልኛል፣ ሌላውን ራሴ።

አሁን የያዘኝ ሌላ ነው። አሮጌዋን ላሜራ ስፈታ ከአራቱ ብሎን አንዱ ሻሲው ውስጥ ተቆረጠ። ዳዶው ከውስጥ የተበየደ ነው፣ አይደረስበትም። ሌላው፣ የጭስ ማውጫው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ከካርቶኔ 10 ሚሊ ብቻ ነው የሚርቀው። ችግር አለው?

ብየዳ ሙያዬ፦

የተቆረጠው ጫፉ ትንሽ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ዳዶ አስቀምጥበትና በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በሚግ ሙላው። ሙቀቱ ዝገቱን ያላቅቀዋል፣ ዳዶው ደግሞ ቁልፍ የሚይዝ ራስ ይሆንሃል። ገና ትኩስ እያለ በቁልፍ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትንሽ ትንሽ እያወዛወዝክ አውጣው፣ በአንድ ጊዜ አትጠምዝዘው። ውስጥ ገብቶ ከተቆረጠ መሃሉን በፑንቶ ምታና ከቀጭን ትራፓን ጀምረህ እያሰፋህ ብሳው።

አዲስ ብሎን ስትገዛ የጃፓን መኪና መሆኑን አትርሳ። ባለ 10 ሚሊ ብሎኖቻቸው ብዙ ጊዜ የጥርስ ርቀታቸው 1.25 ነው፣ በብዛት የምታገኘው 1.5 ነው። በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፣ ያኔ በቁልፍ ከገፋኸው የዳዶውን ጥርስ ይጨርሰዋል። ከላዩ 8.8 የተጻፈበትን ውሰድ፣ የብሎኑ የጥንካሬ ደረጃ ነው።

ሰማያዊ ፓትሮል፦

10 ሚሊ ለጭስ ማውጫ አይበቃም። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይነካዋል፣ ሙቀቱም ላሜራው ላይ ይከማቻል። በዚያ ቦታ ላሜራውን ቆርጠህ ክፍት ተወው ወይም ወደ ታች ጎድጎድ አድርገው፣ 30 ሚሊ ያህል ይራቅ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደረቅ ሣር ነው። ረጅም ሣር ውስጥ ስትሄድ ላሜራው ላይ ይጠራቀማል፣ ከጋለ ጭስ ማውጫ ጋር ሲገናኝ ይነድዳል። ሣር ካለበት በወጣህ ቁጥር ቆመህ ከሥር እይ፣ በእጅህ ጎትተህ የምታወጣበት ቀዳዳም ተውለት።

ቀለሙን ደግሞ ቀላል አድርገው። ፓውደር ኮት ያምራል፣ ግን ድንጋይ ሲልጠው ውሃ ከሥሩ ይገባና ሳይታይ ይዝጋል። በደንብ ፍቀህ ኢፖክሲ አንቲረስት ቀባ፣ ላዩን ተራ ጥቁር ቀለም፣ ሲላጥ በብሩሽ ትመልሰዋለህ። የጎኑ ቧንቧ ጫፎች ይዘጉ፣ ከሥራቸው ግን ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑር።

ከመጀመሪያው የድንጋይ መንገድ ስትመለስ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቅ፣ አዲስ ቀለም ሲጨፈለቅ ትንሽ ይላላሉ። ባለ 10 ሚሊውን 8.8 ብሎን ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ድረስ።